አርባ አንድ ስም የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ የት እንዳለ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፡ ወ/ሮ ሙሉነሽ ቃለ ሕይወት
ዕድሜ፡ 61
ሥራ፡ የሕንፃ መሣሪያና የውዳቂ ብረት ንግድ
አድራሻ፡ ባሕር ዳር ከተማ፣ ሹም አቦ ክፍለ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፡ ሐሙስ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡10
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ፡ ምክትል ኢንስፔክተር ወንጌላዊት አስናቀ
ጉዳዩ፡ በሐይቁ ዳር ከነበረው ሐውልት ላይ ጠፋ ስለተባለው የነሐስ ሰሌዳ
ተጠርጣሪ፡ አቶ አንዳርጋቸው፣ የመንገድ ሥራው ጥበቃ ሠራተኛ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው እኔ ምስክሯ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁበት ምክንያት ትናንት ረቡዕ ማታ ከማክሰኝት ስመለስ አቶ አንዳርጋቸው ሰሌዳ ሰርቀሃል ተብሎ ከታሰረ ሦስተኛ ቀኑ መሆኑን በመስማቴ ነው። ሰሌዳው አልተሰረቀም። የት እንዳለ አውቃለሁ። ቦታውን ከመናገሬ በፊት ግን እዚያ እንዴት እንደደረሰ በቅደም ተከተል እንዲጻፍልኝ ጠይቄ መርማሪዋ ፈቅደውልኛል።

ቀንና ሰዓት የምጠቅሰው በግምት አይደለም። ንግድ ከጀመርሁ ጀምሮ የዕለቱን ነገር በማስታወሻ ደብተር የመጻፍ ልማድ አለኝ። የዚህን ዓመት ደብተር ይዤ መጥቼ መርማሪዋ ከየካቲት 23 እስከ መጋቢት 15 ያሉትን ገጾች አይተዋል።

ሐውልቱ የቆመው በሐይቁ ዳር፣ ከትልቁ ዋርካ አጠገብ ነበር። በ1976 ዓ.ም. በደርግ ጊዜ ከስሚንቶ የተሠራ ሰባት ሜትር ያህል ቁመት ያለው ዓምድ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ቀይ የብረት ኮከብ ነበረው። የሰፈሩ ሰው ሐውልት አይለውም፤ “ኮከቡ” ነው የሚለው። በ1981 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር የሞቱ የአካባቢው ልጆች ስም የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ በግርጌው ላይ በብሎን ታሰረ። ስሞቹ አርባ አንድ ናቸው።

ለዚህ ሐውልት ፍቅር እንደሌለኝ አስቀድሞ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግሩም በግንቦት ወር 1970 ዓ.ም. ከቤት ተወስዶ ተገደለ። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። አስከሬኑን አልሰጡንም። ማልቀስም ስለተከለከልን እናቴ ትራስ ነክሳ ነው ያለቀሰችው። ስድስት ዓመት ቆይቶ ኮከቡ ሲመረቅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ እንዲያጨበጭብ ታዘዘ። እኔና እናቴም ወጥተን አጨበጨብን። ስለዚህ የሚፈርስበትን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርሁት፤ ስለ ኮከቡ ያለኝ ሐሳብ ዛሬም አልተለወጠም።

እሑድ የካቲት 23 ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ላይ አዲስ የሚሠራው መንገድ በሐይቁ ዳር ስለሚያልፍ ሐውልቱ ይፍረስ ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ የነዋሪዎች ስብሰባ ተደረገ። ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ገብረ ክርስቶስ ተነሥተው፣ “የሄደ መንግሥት የሠራውን ሁሉ የመጣው እያፈረሰ ከሄደ አገሩ ባዶ ሜዳ ይሆናል። ልጆቻችን ክፉውን በምን ያውቁታል?” አሉ። እኔም ተነሥቼ፣ “መምህር፣ ክፉውን ለማስታወስ ከሆነ እርስዎ ግቢ ይተከልልን፤ እየመጣን እናስታውሳለን” አልሁ። ሕዝቡ ሳቀ። መምህሩም አብረው ስቀው፣ “አንቺ ኪሎውን እንጂ ታሪኩን አላየሽም” አሉኝ። ያሉት እውነት ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ይህንኑ በደብተሬ ጽፌዋለሁ።

ስብሰባው ይፍረስ በሚለው ሐሳብ ተጠናቀቀ። ስለ ሰሌዳው ግን አንድም ሰው አላነሣም። ወይዘሮ የሺአረግ የሚባሉ ሰማንያ አራት ዓመት የሆናቸው የሰፈራችን እናት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው እንደነበር አስታውሳለሁ። እሳቸውም አልተናገሩም።

ዓርብ መጋቢት 5 ቀን የሐውልቱን ብረት ለመሸጥ በወጣው ጨረታ አሸንፌ ከቀኑ 9፡20 ላይ ክፍያ ፈጸምሁ። በውሉ አንቀጽ አራት መሠረት ክፍያው ከተፈጸመበት ሰዓት ጀምሮ ኮከቡ፣ ሰሌዳውና በዓምዱ ውስጥ ያለው ብረት የገዢው ንብረት ነው። ገዢውም እስከ መጋቢት 20 ድረስ ማንሣት አለበት። የውሉና የደረሰኙ ቅጂ ከዚህ ቃል ጋር ተያይዟል። ይህ ለአንዳርጋቸው ጉዳይ ዋናው ነገር ስለሆነ በተለይ እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።

ሰኞ መጋቢት 8 ቀን ከጠዋቱ 2፡30 ላይ የገዛሁትን ለማየት ወደ ቦታው ሄድሁ። ወይዘሮ የሺአረግ ከሰሌዳው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላም ብያቸው ማግኔቴን አወጣሁና ሰሌዳው ላይ ባስጠጋው አልያዘም፤ ነሐስ መሆኑን አረጋገጥሁ። ቀረብ ብዬ ስመለከት አርባው መስመር አረንጓዴ ዝገት ለብሶ አንዱ መስመር ብቻ እንደ ወርቅ ያበራል። በእኛ ሥራ ገዢ የብረቱን ዓይነት መለየት ሲፈልግ አንድ ቦታ መርጦ በሞረድ ወይም በአሸዋ ይፍቃል። ሌላ ነጋዴ ቀድሞኝ መጥቶ ፈትኖታል ብዬ ጠረጠርሁ።

“እማማ፣ እዚህ ላይ የፋቀው ማን ነው? ገዢ መጥቶ ነበር?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“እኔ ነኝ የፋቅሁት” አሉ።

“በምን?”

“በእጄ ነዋ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ።”

ወይዘሮ የሺአረግ ማንበብ አይችሉም። ሰሌዳው የተሰቀለ ዕለት አንድ ሰው አንብቦላቸው የልጃቸው የአምሐ ስም በግራው ረድፍ ከላይ ሰባተኛው ላይ መሆኑን አሳያቸው። ከዚያ ወዲህ ከላይ ጀምረው ሰባት እየቆጠሩ በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱት ኖረዋል። የልጃቸውን መሞት የነገራቸው መንግሥትም ሽማግሌም አልነበረም። ሰሌዳው ብቻ ነበር።

እኔ መግዛቴን ሰምተው ነበር። “ልጄ፣ ኮከቡን ውሰጅው፤ በእሱ አልከለክልሽም። ይህችን ግን እስኪመጣ ድረስ አቆዪልኝ” አሉኝ። ማን እስኪመጣ ነው ብላቸው፣ “አምሐ ነዋ!” ብለው ተቆጡኝ። ቀጥለውም የመጨረሻውን መስመር በመቋሚያቸው እየነኩ፣ “እስቲ ይህን አንብቢልኝ” አሉ። አነበብሁት። አሥር አለቃ አንዳርጋቸው ይላል። እሱ ራሱ፣ በአሁኑ ጊዜ የታሰረው የቦታው ጥበቃ፣ ከእኛ ሃያ እርምጃ ርቆ ቆርቆሮ በር ሥር ሻይ እየጠጣ ነበር።

ይህን ነገር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዳርጋቸው ሞቷል ተብሎ ስሙ ከተጻፈ፣ ቤተሰቡም አልቅሶ ተዝካሩን ካበላ በኋላ በ1983 ዓ.ም. ከምርኮ ተለቆ በሕይወት መጣ። እስከ ዛሬ ቀልደኛው ሁሉ “ሟቹ እንዴት አደርህ?” ነው የሚለው። የራሱን ሐውልት እየጠበቀ ደሞዝ የሚበላ እሱ ብቻ ነው እየተባለም ይሳቅበታል። ወይዘሮ የሺአረግ ግን የያዙት ቀልዱን አልነበረም። “ተዝካሩ የተበላለት ሰው ይኸው ሻይ ይጠጣል። ሰሌዳው በእሱ ከዋሸ በእኔ ልጅ ለምን እውነት ይናገራል?” አሉኝ። በዚህ ምክንያት ለአምሐ ፍትሐት አላስፈቱም፤ ተዝካርም አላወጡም። ልብሱን እንደታጠፈ አስቀምጠው ሲጠብቁ ኖረዋል።

እኔ ሰው ሲያለቅስ አብሬ የምለሰልስ ሴት አይደለሁም። ይሁን እንጂ የሚያውቅ ሰው ካለ አንዳርጋቸው መሆን አለበት ብዬ ወደ በሩ ሄድሁ። ከአምሐ ጋር አንድ ላይ አልነበርህም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

“ነበርሁ” አለኝ። “በእነዚህ እጆቼ ነው የቀበርሁት።”

“ታዲያ እኒህ ሴትዮ ምን እየጠበቁ ነው?”

“እትዬ ሙሉነሽ፣ ስመጣ ከአውቶቡስ ሳልወርድ በር ላይ አገኙኝ። አምሐስ ሲሉኝ ከኋላ ይመጣ ይሆናል አልሁ። አንድ ቀን ልረፍ ብዬ ነበር የዋሸሁት።”

“አንድ ቀን ያልኸው ሠላሳ አራት ዓመት ሆነ” አልሁት።

“መርዶ ቀኑ ካለፈ ውሉ እንደ ጠፋ ልቃቂት ነው። ከየት ይጀመራል?” አለ። ይህን ሲል ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ስለነበር አላየሁትም።

ነጋዴ ስለሆንሁ ቀን ሳልቆርጥ መነጋገር አልወድም። እስከ ቅዳሜ ድረስ ሰሌዳውን እንደማልነካው፣ እስከዚያ እውነቱን ከነገራቸው እሳቸው ይሁን ያሉትን እንደማደርግ፣ ካልነገራቸው ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጭኜው እንደምሄድ ነገርሁት። “ጨካኝ ነሽ” አለኝ። “ከአንተ አልብስም” አልሁት።

ረቡዕ መጋቢት 10 ቀን ከጠዋቱ 4፡00 እስከ 6፡00 ሰዓት ባለው ጊዜ ኮከቡ በኦክስጅን ተቆርጦ በክሬን ወረደ። ቆሜ አየሁት። የመንገድ ሥራው መሐንዲስ ብሩክ ከአዳማ የመጣ ወጣት ነው። “ማዘር፣ ከኮከቡ ጋር ፎቶ ላንሣዎት?” አለኝ። አንሣኝ ብዬ አንድ እግሬን ኮከቡ ላይ አድርጌ ተነሣሁ። እናቴ ይህን ለማየት አለመድረሷ ብቻ ነው የቆጨኝ። ኮከቡ በዚያው ቀን ተቆራርጦ ወደ ማቅለጫ ሄዷል። በዚህ አልጸጸትም።

በዚያው ዕለት ማታ 1፡00 ሰዓት ላይ አንዳርጋቸው ሱቄ መጥቶ እነግራቸዋለሁ፤ ብቻዬን ግን አልችልም አለኝ። እንደ አገሩ ልማድ መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሰው ተሰብስቦ ስለሆነ የወይዘሮ የሺአረግን የንስሐ አባት ቄስ ወልደ ዮሐንስን ለመንናቸው። ቅዳሜ መጋቢት 13 ቀን ከንጋቱ 11፡30 ላይ ቄሱ፣ አንዳርጋቸው፣ እኔና ሁለት ጎረቤቶች ቤታቸው ገባን። ወይዘሮ የሺአረግ ሲያዩን ተቀመጡ አላሉንም። ያ ሰዓት ምን እንደሚነገርበት ያውቃሉ።

አንዳርጋቸው ተንበርክኮ ነገራቸው። አምሐ የሞተው በየካቲት 1981 ዓ.ም. መሆኑን፣ በደረቱ ተመትቶ ብዙ እንዳልቆየ፣ ከአንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ ሥር እንደቀበረው ተናገረ። ወይዘሮ የሺአረግ ጠየቁት።

“በምን ጠቅልለህ ነው ያስገባኸው?”

“በካፖርት።”

“ያንተ ነው የሱ?”

“የኔ ነው። የሱ ቀዳዳ ነበረበት።”

“እንግዲያው አልበረደውም” አሉ። ከዚያም ተነሥተው፣ “ሠላሳ አራት ዓመት ፊቴ ላይ ሻይ ስትጠጣ!” ብለው በመቋሚያቸው ትከሻውን ሁለት ጊዜ መቱት። ሦስተኛውን ሲያነሡ መቋሚያው ከእጃቸው ወደቀና አንገቱን ይዘው አለቀሱ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ መጣ። ከሰዓት በኋላ እስከ 10፡00 ሰዓት ድረስ ለቅሶ ተቀመጥን።

ሰው ከሄደ በኋላ በገባሁት ቃል መሠረት ሰሌዳውን ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኋቸው። ሙዚየም ይገባል፣ ወይም አንድ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ብዬ ነበር ያሰብሁት። እሳቸው ግን፣ “አይቅለጥ፤ እሳት ውስጥ ልጅ አልጨምርም። አይሰቀልም፤ ሲበቃው ተሰቅሏል። ኮከብ ሥር ያቆሙት እነሱ ናቸው፤ እኔ አላቆምሁትም። ሰው ከሞተ የሚገባው አፈር ነው” አሉ። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ለነሐስ ፍትሐት እንደማይደረግ ገልጸው፣ ለሰዎቹ ስም ግን ጸሎት እንደሚያደርሱ ተናገሩ። ከስሞቹ መካከል ሁለቱ የሙስሊም ልጆች ስለሆኑ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ እንዳይሆን፣ ለሁሉም ክፍት በሆነው በዋርካው ሥር እንዲሆን ተስማማን።

ቅዳሜውኑ ማታና እሑድ ጠዋት የሟቾቹን ቤተሰቦች ለማግኘት መምህር ገብረ ክርስቶስ ዘንድ ሄድሁ። ከአርባ አንዱ አሥራ ስምንቱን ያስተማሯቸው እሳቸው ኖረዋል። በስብሰባው ላይ ይህን አልተናገሩም ነበር። ለምን ዝም እንዳሉ ብጠይቃቸው፣ “የተማሪዬን ስም ጠርቼ ብሸነፍስ?” አሉኝ። የሰባት ቤተሰብ አድራሻ ሰጡኝ። አንዱን መራዊ ድረስ ሰው ልኬ አስጠራሁ።

እሑድ መጋቢት 14 ቀን ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ላይ አንዳርጋቸው እኔ ባለሁበት፣ በእኔው የብሎን መፍቻ፣ አራቱን ብሎን ፈትቶ ሰሌዳውን አወረደ። መሐንዲስ ብሩክ ዕረፍት ላይ ስለነበር በቦታው አልነበረም። ንብረቱ የእኔ ስለሆነ ለእሱ ማስታወቅ እንደሚያስፈልግ አላሰብሁም። ስህተቱ ይህ ነው፤ ስህተቱም የእኔ እንጂ የአንዳርጋቸው አይደለም። ሰሌዳውን ከመጠቅለላችን በፊት አርባ አንዱንም ስም ከነማዕረጋቸው በደብተሬ ገልብጫለሁ።

ሰኞ መጋቢት 15 ቀን ከንጋቱ 11፡30 ላይ ወይዘሮ የሺአረግ፣ ሰባቱ ቤተሰቦች፣ መምህሩ፣ ቄሱና እኔ በዋርካው ሥር ተገኘን። ጉድጓዱን አንዳርጋቸው ብቻውን ቆፈረ፤ ሌላ ሰው እንዲያግዘው አልፈቀደም። ሰሌዳው በወይዘሮ የሺአረግ ጋቢ ተጠቅልሎ ነበር። ከሙስሊሞቹ ልጆች የአንዱ፣ የሰይድ፣ እኅት መጥታ ስለነበር በቅድሚያ እሷ በራሷ ሥርዓት ዱዓ አደረገች። ከዚያ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ስሞቹን ከደብተሬ እየተነበበላቸው ጸሎት ጀመሩ። የክርስትና ስሙ የሚታወቀውን በክርስትና ስሙ፣ የማይታወቀውን በዓለም ስሙ ጠሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ የሺአረግ ጮክ ብለው አሜን አሉ።

አርባኛው ተጠርቶ አርባ አንደኛው ላይ ስንደርስ አንዳርጋቸው አካፋውን ይዞ፣ “አባቴ፣ የኔን ይለፉት። የዚህን ወር ደሞዝ ገና አልተቀበልሁም” አለ። ሐዘንተኛው ሁሉ ሳቀ። ቄሱም ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ከቆዩ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ “አንዱ ቦታ ተረፈ። አንቺ የምታስጠሪው ሰው የለሽም?” አሉኝ።

እኔም፣ “አባቴ፣ ወንድሜ ከእነዚህ ጋር አይደለም። እሱን የገደሉት የእነዚህ አዛዦች ናቸው” ብዬ መለስሁላቸው።

“ወገን አልጠየቅሁሽም። ስም ነው የጠየቅሁሽ” አሉ።

የግሩምን የክርስትና ስም ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ የጠራው ሰው አልነበረም። ኃይለ ጊዮርጊስ ነው አልኋቸው። ወይዘሮ የሺአረግ እጄን ይዘው፣ “ከአምሐ አጠገብ ይጥሩልኝ፤ አንድ ሰፈር ናቸው” አሉ። ቄሱ ሁለቱን ስም አንድ ላይ ጠሩ። አርባ አንድ ሆነ። አንዳርጋቸው አፈሩን መለሰና ሁለት የዋርካ ቅርንጫፍ አስቀመጠበት። ሁሉም ነገር ሲጠናቀቅ ከጠዋቱ 12፡40 ነበር።

እኔ ከዚያው ቀጥታ መናኸሪያ ሄጄ አንድ የፈረሰ ወፍጮ ቤት ብረት ለመረከብ ወደ ማክሰኝት ተጓዝሁ። እስክመለስ ድረስ ስልክ አልሠራልኝም። በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ መሐንዲስ ብሩክ የርክክብ ዝርዝሩን ሲያመሳክር ሰሌዳውን ስላጣው በእምነት ያስረከበውን ጥበቃ ጠየቀ። አንዳርጋቸውም አልሰረቅሁም፤ የት እንዳለ ግን አልናገርም በማለቱ ለፖሊስ እንዳመለከተ ትናንት ማታ ብሩክ ራሱ ነግሮኛል። እኔን ፈልጎ አላገኘኝም ነበር። አመልካቹን አልወቅሰውም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አመለክት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቃል ከመስጠቴ በፊት አንዳርጋቸውን ለአምስት ደቂቃ እንዳየው ተፈቅዶልኝ፣ ለምን እኔን አልጠራህም፣ ለምን ሦስት ቀን ታሰርህ ብዬ ጠየቅሁት። “ቦታውን ብናገር ማስረጃ ብለው ይቆፍሩታል። አንዴ አፈር ለብሰዋል እኮ፤ ሁለተኛ ላስገልጣቸው?” አለኝ። እዚህ የታሰረው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

መርማሪዋ፣ ዋጋ ያለው ነሐስ እያለ ለምን በከንቱ ቀበሩት፤ ኋላስ ቅርስ ነው የሚል አካል ቢመጣ ምን ይመልሳሉ ብለው ጠይቀውኛል። ለመጀመሪያው፣ ከኮከቡ አትርፌያለሁ፤ ከስሙ ማትረፍ አልፈለግሁም። ለሁለተኛው፣ መጥፋት የነበረበት ጠፍቷል፤ መቆየት የነበረበት ቆይቷል ብዬ አምናለሁ። ስሞቹ በደብተሬ አሉ፤ ቅጂውንም አያይዣለሁ። ኮከብም መፈክርም የሌለበት፣ ስሞቹ ብቻ ያሉበት አንድ ተራ ድንጋይ በዋርካው ሥር እንዲቆም በራሴ ወጪ ለማሠራት ለአካባቢው ኮሚቴ ማመልከቻ አስገባለሁ። ከድንጋዩ ጀርባ እዚህ ቦታ ምን ቆሞ እንደነበርና ማን እንዳቆመው ሦስት መስመር የሚጽፉልን መምህር ገብረ ክርስቶስ ናቸው። በጽሑፉ ላይ እንደምንጣላ ከአሁኑ አውቃለሁ። እሳቸውም፣ “እንጣላ እንጂ፤ ዝም ብለን ነው እዚህ የደረስነው” ብለውኛል።

ፖሊስን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰሌዳው በተነሣበት ቀን ባለቤቱ እኔ ነበርሁ። አልተሰረቀብኝም፤ እንዲወጣልኝም አልፈልግም፤ በማንም ላይ ክስ የለኝም። ስለዚህ አንዳርጋቸው እንዲለቀቅ። ሁለተኛ፣ ቦታውን ዛሬውኑ አሳያለሁ፤ ነገር ግን እንዳይቆፈር። መሐንዲስ ብሩክ ነገሩን ትናንት ማታ ስነግረው ፕላኑን አውጥቶ አየና የጎርፍ ማስወገጃው ቦይ የዋርካውን ሥር ይነካ እንደነበር አሳየኝ። “ማዘር፣ ሦስት ሜትር ወደ መንገዱ አስጠጋዋለሁ። ይህማ ቀላል ነው፤ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?” አለ። በፊርማው የሰጠኝ ወረቀት አራተኛው አባሪ ነው።

ወይዘሮ የሺአረግ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የአምሐን ተዝካር ያወጣሉ። የግሩምንም አብሬ አወጣለሁ። ድንኳን የሚተክለው አንዳርጋቸው ነው ብለው እሳቸው ወስነዋል፤ ይህም ለውሳኔው ይጠቅም እንደሆነ በማለት አስመዝግቤዋለሁ።

ከላይ ያለው ሁሉ ያየሁትና ራሴ ያደረግሁት ነው፤ ከሰው የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁ ለይቼ ተናግሬአለሁ። ቃሉ ተነቦልኝ አንድ ማረሚያ አስገብቻለሁ፤ መርማሪዋ “አርባ አንዱ ሟቾች” ብለው የጻፉት “በሰሌዳው ላይ ያሉት አርባ ሟቾችና አንድ ሕያው” ተብሎ እንዲነበብ። አንዲት ነገር ሐሰት ሆና ብትገኝ በሕግ እንድጠየቅባት ተስማምቼ በፈቃዴ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፡ ሙሉነሽ ቃለ ሕይወት
የመርማሪዋ ፊርማ፡ ም/ኢንስፔክተር ወንጌላዊት አስናቀ

የመርማሪ ማስታወሻ፤ በዚሁ ቀን ከቀኑ 7፡30። ከምስክሯ ጋር ወደ ቦታው ሄጄ በዋርካው ሥር አዲስ የተመለሰ አፈርና ሁለት ቅርንጫፎች አይቻለሁ። አፈሩ አልተነካም። አመልካቹ አቤቱታውን በጽሑፍ አንሥቷል። መዝገቡ እንዲዘጋ የውሳኔ ሐሳብ ቀርቦ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ተጠርጣሪው በሰው ዋስ ተለቋል።

ዋስ የሆኑት፡ ወ/ሮ የሺአረግ፣ ዕድሜ 84፣ መጻፍ ስለማይችሉ የቀኝ እጅ አውራ ጣት አሻራ። የጣታቸው መስመር ተፍቆ ስላለቀ አሻራው በሦስተኛው ሙከራ ተነሥቷል።